ሰርቲፋይድ መኪና ገዝታችሁ ዲለሩ "ዋራንቲው አይሸፍነውም" ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ሰርቲፋይድ ዩዝድ መኪና የምንገዛው ለአንድ ነገር ነው፤ ተረጋግተን ለመንዳት። ከሌላው ዩዝድ መኪና ጨምረን ከፍለን፣ "ተፈትሻለች፣ ዋራንቲ አላት" የሚል ወረቀት ይዘን እንወጣለን። ከዚያ ጥቂት ወር ሳይቆይ ካምቢዮው መምታት ይጀምራል። መኪናዋን ለዲለሩ እንወስዳለን። ከሰዓት በኋላ ስልክ ይደወላል፦ "ይሄ ዋራንቲው ውስጥ የለም። 4,200 ዶላር ነው። እንሥራው?"

ብዙ ወገናችን እዚህ ጋ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተናዶና ጮሆ መኪናውን ይዞ ይወጣል፤ ወይ "ሕጋቸው ነው" ብሎ ካርዱን ይሰጣል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ያ የደወለው ሰው የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። ከእሱ በላይ ሥራ አስኪያጅ አለ። ከሥራ አስኪያጁ በላይ አምራቹ ኩባንያ አለ። ከዚያም በላይ የስቴቱ አቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚሰሙት ግን ወረቀት ነው። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የተባለው በትክክል ለእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ምሳሌዎቼ በብዛት ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው። የፌዴራል ሕጎቹ ግን የትም ስቴት ብትኖሩ ይሠራሉ።

ቅድሚያ፦ እነዚህን አታድርጉ

የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ አታቁሙ። "መኪናዋ ቆማ ለምን እከፍላለሁ?" እንደሚያሰኝ ይገባኛል። ግን ብድሩ ሌላ፣ ዋራንቲው ሌላ ነው። ክፍያ ካቆማችሁ መኪናዋን መጥተው ይወስዷታል፣ ክሬዲታችሁ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ጠባችሁ ከዲለሩ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከባንኩ ጋር ይሆናል።

ሞተሩ እየጋለ ወይም የዘይት መብራት በርቶ አትንዱ። በቶው አስወስዷት። "ችግሩን እያወቀ ነድቶ አባሰው" ከሚል ክስ በላይ ለዲለሩ የሚመች ነገር የለም።

ዲለሩ ሳያየው ሌላ ጋራዥ ወስዳችሁ አታሠሩ። መንገድ ላይ ቆማችሁ የግድ ከሆነ ግን የወጣውን አሮጌ ዕቃ ከሜካኒኩ ተቀበሉና አስቀምጡት። ዕቃው ማስረጃችሁ ነው።

1. ዋራንቲውን የሰጣችሁ ማን ነው?

ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት ይህን እወቁ። "ሰርቲፋይድ" የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ ለይቶ አይነግራችሁም።

የመጀመሪያው የአምራቹ ሰርቲፋይድ ነው። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ሃዩንዳይና ሌሎቹ በራሳቸው ስም የሚሰጡት ማለት ነው። ይህ ዓይነት ዋራንቲ የኩባንያው ስለሆነ የገዛችሁበት ዲለር ብቻ ሳይሆን ያንን ብራንድ የሚሸጥ ሌላ ዲለርም መሥራት ይችላል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ዲለሩ ራሱ "ሰርቲፋይድ" ብሎ የለጠፈው ነው። አንዳንዱ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ግን የአንድ ወር ዋራንቲና የሚያምር ስቲከር ብቻ ነው። ሆንዳ የሚሸጥ ዲለር ጋ የቆመች ኒሳን ሰርቲፋይድ ከተባለች፣ ከኒሳን ኩባንያ የመጣ ዋራንቲ እንዳልሆነ ከወዲሁ ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ልጆቹ ሲያስቸግሩ የፈረማችሁት ነው። "ኤክስቴንድድ ዋራንቲ" ይሉታል። በሕጉ ዓይን ግን ዋራንቲ ሳይሆን ሰርቪስ ኮንትራት ነው፤ ለብቻው የተከፈለበት። ብዙ ጊዜ የሚያስተዳድረውም ሌላ ስቴት ያለ ሦስተኛ ኩባንያ ነው። እሱ ከሆነ የሚከለክላችሁ ዲለሩ ላይሆን ይችላል። ዲለሩ ላይ መጮህ ጊዜ ማባከን ነው።

እንግዲህ ቀኑንና ማይሉን ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቶዮታን እንውሰድ። የቶዮታ ሰርቲፋይድ በተለምዶ ሁለት ዋራንቲ አለው። አንዱ ሰፋ ያለው፣ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ነው። ሌላው ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚሸፍነው 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። ግን 7 ዓመቱ የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም፤ መኪናዋ አዲስ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠችበት ቀን ነው። 100,000 ማይሉም ከዜሮ ነው የሚቆጠረው። በማርች 2019 አዲስ የተሸጠችን መኪና በ2024 ከገዛችሁ፣ የሞተሩ ዋራንቲ በማርች 2026 ያልቃል። ሻጩ "የ7 ዓመት ዋራንቲ አላት" ሲላችሁ ውሸት አልተናገረም። ግን እናንተ የሰማችሁትን ማለቱ አልነበረም። አዲስ የተሸጠችበትን ቀን የትኛውም የብራንዱ ዲለር በቪን፣ ማለትም በመኪናዋ መለያ ቁጥር፣ አይቶ ይነግራችኋል።

2. ወረቀቱን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡ

የሽያጭ ውሉን፣ የብድር ውሉን፣ የዋራንቲ ቡክሌቱን፣ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞቻችሁን፣ መኪናዋ የተሸጠችበት ማስታወቂያ ስክሪንሾት ካላችሁ እሱንም። ከእነዚህ ሁሉ ግን ሁለት ወረቀቶችን ከፍ አድርጌ ነው የማያቸው።

አንዱ ባየርስ ጋይድ የሚባለው ነው። ከ1985 ጀምሮ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ፣ ዩዝድ መኪና የሚሸጥ ዲለር ሁሉ መስኮት ላይ እንዲለጥፈው ያስገድዳል። (ሜንና ዊስኮንሰን የራሳቸው ተመሳሳይ ሕግ ስላላቸው እነሱ ብቻ ይለያሉ።) መኪናዋ "አዝ ኢዝ" ማለትም "እንዳለች" ነው የተሸጠችው ወይስ ዋራንቲ አላት፣ ዲለሩ ከጥገናው ስንት ፐርሰንት ይከፍላል፣ ለስንት ጊዜ፣ የሚለው ሁሉ ምልክት ተደርጎበታል። ስትገዙ ኮፒው ሊሰጣችሁ ይገባል። ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ የሽያጭ ውሉና ባየርስ ጋይዱ ከተጋጩ ባየርስ ጋይዱ ይበልጣል። ውሉ "ዋራንቲ የለም" ቢል፣ ባየርስ ጋይዱ ላይ ደግሞ "ዋራንቲ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ፣ ዋራንቲ አላችሁ።

ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ይህ ወረቀት በስፓኒሽ መቅረብ አለበት። በአማርኛ ግን የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናትና አባቶቻችን፣ ከመፈረማቸው በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብብላቸው። ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ለሻጩ የሚተው አይደለም።

ሁለተኛው የፍተሻ ዝርዝሩ ነው። "በ160 ነጥብ ተፈትሻለች" ብለው የሚያስተዋውቁት ያ ወረቀት ማለት ነው። ካልሰጧችሁ ጠይቁ። በካሊፎርኒያ ሰርቲፋይድ ብሎ የሚሸጥ ዲለር የተሞላውን የፍተሻ ሪፖርት ከሽያጩ በፊት እንዲያሳይ ሕጉ ያስገድደዋል። ወረቀቱ ሲገኝ ረጋ ብላችሁ እዩት። የፈተሸው ሜካኒክ ፈርሟል? ቀኑ ከሽያጩ በፊት ነው? በገዛችሁ በሁለተኛው ሳምንት "ፍሬኑ አልቋል" ተብላችሁ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የፍሬኑ ሸራ "ጥሩ" ተብሎ ውፍረቱ በሚሊሜትር ተጽፎ ካገኛችሁ፣ ጥሩ መከራከሪያ በእጃችሁ ነው። ፍሬን ዋራንቲ ባይሸፍነውም እንኳ፣ ጥያቄው "ዋራንቲ ነው ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "በእርግጥ ፈትሻችኋታል ወይ?" ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ለዲለሩ ይከብደዋል።

3. ሪኮል መኖሩን እዩ

አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን ቪን አስገቡ። ለዚያው ችግር ሪኮል (አምራቹ ለደህንነት ሲል መኪኖቹን ለጥገና መልሶ የጠራበት) ካለ ጥገናው በነጻ ነው፤ የዋራንቲው ክርክር ሁሉ ቀረ ማለት ነው። እዚያው ላይ ኩባንያው ለዲለሮቹ የላከውን የቴክኒክ ማሳሰቢያም ታገኛላችሁ። "የዚህ ዓመት ሞዴል ካምቢዮ ሲመታ እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩ" የሚል ማሳሰቢያ ካለ አትሙና ይዛችሁ ሂዱ። ማሳሰቢያው ብቻውን በነጻ እንዲሠሩ አያስገድድም። "ጤነኛ ባሕርይዋ ነው" የሚለውን መልስ ግን አፉን ያስይዘዋል።

"ሰርቲፋይድ ከሆነች ሪኮሏ ተሠርቷል" ብላችሁ አትመኑ። በ2016 ኤፍቲሲ ጄኔራል ሞተርስንና ሁለት ትልልቅ የዲለር ድርጅቶችን የከሰሰው በዚሁ ነው። መኪኖቹን በጥብቅ ተፈትሸዋል ብለው ሲያስተዋውቁ፣ አንዳንዶቹ ያልተሠራ ሪኮል እንዳለባቸው በግልጽ አልተናገሩም ነበር።

4. ሰርቪስ ዴስኩ ላይ የምትናገሩት ቃል

መኪናዋን ስታስረክቡ ሰርቪስ አድቫይዘሩ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል። ያ ወረቀት ሪፔር ኦርደር ይባላል። ወደፊት አምራቹም፣ አስታራቂውም፣ ዳኛውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የእኛ ሰው ግን ቁልፉን ይሰጥና "ቼክ አድርጉልኝ፣ ድምፅ አላት" ብሎ ይሄዳል። አድቫይዘሩም "ደንበኛው ድምፅ አለ ይላል" ብሎ ይጽፋል። ሜካኒኩ ሦስት ደቂቃ ይነዳታል፣ ምንም አይሰማም፣ "ችግር አልተገኘም" ብሎ ይመልሳል።

እንዲህ በሉ፦ "ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና ስትነሳ፣ ከ25 እስከ 35 ማይል ስሄድ፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ማርሽ ስትቀይር ትመታለች። የጀመረው በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ 48,300 ማይል ላይ ነው። በየቀኑ ይደርሳል።" መቼ፣ በስንት ፍጥነት፣ በምን ሁኔታ፣ ከመቼ ጀምሮ። በእንግሊዝኛ ጻፉት ወይም አስጽፉት፤ ወረቀቱን ለአድቫይዘሩ ስጡና "ይህንኑ እንዳለ ጻፍልኝ" በሉት። ከመፈረማችሁ በፊት የጻፈውን አንብቡ።

ችግሩ የሚመጣው ጠዋት ብቻ ከሆነ መኪናዋ እዚያው ትደር። ሜካኒኩ ቀዝቃዛ ሆና ያስነሳት። ከተቻለ አብራችሁት ንዱ፤ ፎርማኑ አጠገባችሁ ተቀምጦ ራሱ ሲሰማው ነገሩ ይለወጣል። በስልካችሁም ቪዲዮ ያዙ፤ ዳሽቦርዱ፣ ማይሉና የበራው መብራት አብረው ይታዩ። ግን እየነዳችሁ አይደለም፤ ሌላ ሰው ይቅረጽ።

መኪናዋን ስትወስዱ፣ ምንም ባይሠሩ፣ ምንም ባትከፍሉ እንኳ፣ የተዘጋውን ሪፔር ኦርደር ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። "ምንም ስላላደረግን ወረቀት የለም" ካሏችሁ "የገባችበትንና የወጣችበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት እፈልጋለሁ" በሉ። ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ሦስት ወረቀት ካላችሁ ለዚያው ችግር ሦስት ዕድል ሰጥታችኋል። ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ወረቀት ከሌላችሁ፣ ለሚሰማችሁ አካል አልሄዳችሁም።

ሁለት ፊርማዎችን ተጠንቀቁ። አንዱ የምርመራ ክፍያ ነው። "ከተሸፈነ አትከፍልም፣ ካልተሸፈነ ትከፍላለህ" ይላሉ፤ ስንት እንደሆነ ጠይቁና ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛው ከባድ ነው። ሞተር ወይም ካምቢዮ ሲሆን "ፈተን ማየት አለብን" ብለው ያስፈርማሉ። ሽፋኑ ከተከለከለ የመፍቻውን ዋጋ እናንተ ትከፍላላችሁ፤ መኪናዋም ተበታትና ትቀመጣለች። ከመፈረማችሁ በፊት ከፍተኛው ዋጋ በቁጥር ይጻፍ። ሰርቪስ ኮንትራት ከሆነ ደግሞ ኩባንያው የራሱን መርማሪ ይልክ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ መቅረጽም አንድ ነገር። ዲሲና ቨርጂኒያ ውስጥ እናንተ ያላችሁበትን ንግግር መቅረጽ ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ወንጀል ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች ተጠንቀቁ። ይልቅ ንግግሩ እንዳለቀ ኢሜይል ላኩ፦ "ዛሬ በስልክ የነገርከኝ እንዲህ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ።" ዝም ካለም ይጠቅማችኋል፤ ከመለሰም ይጠቅማችኋል።

5. "አይሸፍነውም" ካሉ፣ በጽሑፍ ይስጧችሁ

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "የትኛው አንቀጽ ነው የሚከለክለው? እባክህ በኢሜይል ላክልኝ።" ይህን በትህትና ሲባሉ አቋማቸውን የሚያለሳልሱ አሉ። በአፍ መከልከል ቀላል ነው። አንቀጽ ጠቅሶ፣ ስም ጽፎ መከልከል ግን ሌላ ነው።

የሚሰጡት ምክንያት ደግሞ ብዙም አይለያይም።

"ዘይት የቀየርከው እኛ ጋ አይደለም።" ይህ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በ1975 የወጣው ማግነሰን-ሞስ የሚባለው የፌዴራል የዋራንቲ ሕግ፣ ዋራንቲ ሰጪው "እኔ ጋ ካልሠራህ፣ የእኔን ዕቃ ካልገዛህ ዋራንቲው ይፈርሳል" እንዳይል ይከለክላል። የሰፈር ጋራዥ መቀየር መብታችሁ ነው። ራሳችሁ መቀየርም ትችላላችሁ። የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ያዙ፤ ቀኑንና ማይሉን ጻፉበት። ለመከልከል ዋራንቲ ሰጪው ያ ሥራ ወይም ያ ዕቃ ጉዳቱን እንዳመጣ ማሳየት አለበት። ኦሪጅናል ያልሆነ ሬዲዮ ስላስገባችሁ የካምቢዮ ዋራንቲ አይፈርስም።

"ጥገና ችላ ብለሃል፤ ሞተሩ ውስጥ ዝቃጭ አለ።" ይህኛው ከበድ ይላል። ደረሰኝ ከሌላችሁ መከራከር ያስቸግራል። ደረሰኙ ከጠፋ ወደ ቀየራችሁበት ጋራዥ ሂዱ፤ ብዙዎቹ በታርጋ ወይም በስልክ ቁጥር ፈልገው ያትሙላችኋል። ከገዛችሁ ጥቂት ወር ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ዝቃጭ በእናንተ እጅ የተጠራቀመ ነው ወይስ ሰርቲፋይድ ሲያደርጓት እዚያው ነበር? ይህን ጠይቁ።

"በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ነው።" ጎማ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ብዙ ጊዜም ባትሪ። እዚህ ላይ በአብዛኛው እውነታቸውን ነው። ጉልበታችሁን ለሌላው አስቀምጡ።

"ኡበር ትነዳባታለህ።" ይህ እኛን ከማንም በላይ ይነካናል። በዲሲ አካባቢ ስንቱ ወገናችን በዚህ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራል። አንዳንድ የሰርቲፋይድ ፕሮግራምና ብዙ ሰርቪስ ኮንትራት መኪናዋ ለንግድ ከዋለች ሽፋን አይሰጡም። አንዳንዶቹ ተጨማሪ ክፍያ አስከፍለው ይሸፍናሉ። ሌሎች ዋራንቲዎች ደግሞ ስለዚህ ምንም አይሉም፤ አንቀጹ ከሌለ ሊከለክሏችሁ አይችሉም። ስለዚህ ቡክሌቱን ገልጣችሁ "ንግድ"፣ "ታክሲ"፣ "ኪራይ" የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። መዋሸት ግን አያዋጣም። ማይሉና መስታወቱ ላይ ያለው ስቲከር ይናገራሉ፤ የተዋሸ ነገር ሲገኝ ትክክለኛው ጥያቄያችሁም አብሮ ይወድቃል። ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለሻጩ "ለኡበር ነው" በሉትና ይሸፍናል የሚለውን በጽሑፍ ያምጣ።

"ከመግዛትህ በፊት የነበረ ችግር ነው።" ይህን ሲሏችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ፈትሸናት ሰርቲፋይድ ብለናታል ያሉት እነሱ ናቸውና። ሰርቪስ ኮንትራት ላይ ይህ አንቀጽ ሊሠራ ይችላል። ከሆነም ያንን የጽሑፍ መልስ ይዛችሁ ወደ ሸጠላችሁ ዲለር ተመለሱ። "የኮንትራቱ ኩባንያ ችግሩ ስትሸጡልኝ ነበረ ይላል" በሏቸው።

6. ወደ ላይ ውጡ

ከአድቫይዘሩ ወደ ሰርቪስ ማናጀሩ፣ ከእሱ ወደ ጄኔራል ማናጀሩ። ድምፃችሁን አታንሡ። ማናጀሩ "ጉድዊል" በሚባለው መንገድ ኩባንያው በፈቃዱ ግማሹን ወይም ሁሉንም እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል፤ ለሚሰድበው ሰው ብሎ ግን ስልክ አያነሳም።

የአምራቹ ሰርቲፋይድ ከሆነ እዚህ ጋ ነው የቅድሙ ነጥብ የሚመጣው። መኪናዋን ወደ ሌላ የዚያ ብራንድ ዲለር ውሰዷት። ስለ መጀመሪያው ዲለር አታውሩ፤ ችግሩን ብቻ እንደ አዲስ ተናገሩ። የሸጧት እነሱ ስላልሆኑ የሚከላከሉት ነገር የላቸውም፤ ለዋራንቲ ሥራም ከኩባንያው ይከፈላቸዋል። ለሁለት ሳምንት የተከለከለ ነገር ሌላ ዲለር ጋ በአንድ ጠዋት ሲጸድቅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚያው ጊዜ የአምራቹን የደንበኞች አገልግሎት ደውሉ። ቁጥሩ ቡክሌቱ ውስጥ አለ። የኬዝ ቁጥር ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ በደወላችሁ ቁጥር ያንን ቁጥር ጥሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያነጋገራችሁት ሰው ስም፣ የተባለው ነገር፣ ሁሉንም አንድ ደብተር ላይ ጻፉ።

7. ገለልተኛ ሜካኒክ

ዲለሩ ካየው በኋላም አሻፈረኝ ካለ፣ ኤኤስኢ የሚባለው የሜካኒኮች የሙያ ሰርተፊኬት ያለው፣ ከዲለሩ ጋር ንክኪ የሌለው ሜካኒክ ያያት። የምትፈልጉት "ተበላሽታለች" የሚል ወረቀት አይደለም። ሦስት ነገር ይጻፍላችሁ፦ የተበላሸው ዕቃ ምንድን ነው፣ ለምን ተበላሸ፣ ችግሩ ስትሸጥ የነበረ ይመስላል ወይስ አይመስልም። ፊርማ፣ ቀን፣ ማይል። የሐበሻ ሜካኒክ ወዳጃችሁ ጥሩ ነው፤ ግን በአፍ የሚነግራችሁን በደብዳቤ ካልሰጣችሁ ለክርክሩ አይጠቅምም።

8. ደብዳቤው

አንድ ገጽ ይበቃል። ስድብ የለም፣ ታሪክ አይበዛም። ይዘቱ እንዲህ ይሁን፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ አጽፉት፦

"በዚህ ቀን፣ ቪን ቁጥሯ ይህ የሆነችውን መኪና በሰርቲፋይድነት ገዛሁ። በዚህ ቀንና በዚህ ማይል ካምቢዮው መምታት ጀመረ። በእነዚህ ቀናት ለጥገና አመጣኋት፤ የሪፔር ኦርደሮቹ ኮፒ ተያይዟል። ዋራንቲው በዚህ ገጽ ካምቢዮን ይሸፍናል። በዚህ ቀን ተከልክያለሁ፤ የተሰጠኝ ምክንያት ይህ ነው፤ ትክክል ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በ14 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ እንድትጠግኑልኝ፣ ወይም ይህን ያህል ዶላር እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ለስቴቱ የደንበኞች ጥበቃ ክፍልና ለፍርድ ቤት አቀርባለሁ።"

በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ተቀባዩ የሚፈርምበት አድርጋችሁ ላኩ። አንዱን ለዲለሩ፣ አንዱን ለአምራቹ። በብድር ከገዛችሁ አንድ ኮፒ ለባንኩም ይሂድ። ዲለሩ ያመቻቸው ብድር ከሆነ፣ ውላችሁ ላይ በፌዴራል ደንብ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ፤ በዲለሩ ላይ ያላችሁን ጥያቄ ብድሩን በያዘው ባንክም ላይ ማንሳት ትችላላችሁ ይላል። ከባንኩ ማግኘት የምትችሉት ግን በዚያ ውል ከከፈላችሁት በላይ አይሆንም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ባንኮቹ ግን በደንብ ያውቁታል፤ ዲለሩ ላይም መጫን ይችላሉ።

9. ከዲለሩ ውጭ ያሉ በሮች

ሜሪላንድ ከሆናችሁ የአቃቤ ሕጉ የደንበኞች ጥበቃ ክፍል በነጻ ያስታርቃል። ቨርጂኒያ የሞተር ቬሂክል ዲለር ቦርድ አለ፤ የዲለሩን ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ደብዳቤው ይከበራል። ዲሲ የአቃቤ ሕጉ የደንበኞች ጥበቃ ቢሮ አለ። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። አትፈሩ፤ "አማርኛ" በሉ።

የስቴታችሁን ሕግም እዩ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር መኪናን "አዝ ኢዝ" ብሎ መሸጥ የሚችለው ከ6 ሞዴል ዓመት በላይ የሆናትና ከ60,000 ማይል በላይ የሄደች ከሆነች ብቻ ነው። ዲሲም "አዝ ኢዝ" አይፈቅድም። ቨርጂኒያ ይፈቅዳል። ኒውዮርክ ለዩዝድ መኪና የራሱ የሌመን ሕግ (ብልሽት ያለባትን መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቅ ሕግ) አለው፤ ከ18,000 እስከ 36,000 ማይል ለሄደች 90 ቀን ወይም 4,000 ማይል፣ እስከ 80,000 ለምትጠጋዋ 60 ቀን ወይም 3,000 ማይል፣ ከዚያ እስከ 100,000 ደግሞ 30 ቀን ወይም 1,000 ማይል ዲለሩ ዋና ዋና ክፍሎችን እንዲሸፍን ያስገድዳል። "በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል" የሚባለው ግን በፌዴራል ሕግ ዲለር ጋ ሄዶ ለተገዛ መኪና አይሠራም። ብዙ ሰው እሱን ተማምኖ ይፈርማል።

አንዳንድ አምራቾች ቢቢቢ ኦቶ ላይን በሚባለው የሽምግልና ፕሮግራም ውስጥ ናቸው። ለደንበኛው ነጻ ነው። ውሳኔውን እናንተ ከተቀበላችሁ ኩባንያው ይገደድበታል።

ከዚያ የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። የሚጠየቀው ጣሪያ በዲሲ 10,000 ዶላር፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር ነው። ጠበቃ አያስፈልግም፤ ቨርጂኒያ ጭራሽ አይፈቅድም። አስተርጓሚ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በነጻ ነው። ልጃችሁን ወይም ጓደኛችሁን ለአስተርጓሚነት አትውሰዱ፤ እነሱ ምስክር ቢሆኑ ይሻላል። የሽያጭ ውላችሁ ላይ የአርቢትሬሽን አንቀጽ (ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግል ዳኛ ይታይ የሚል) ካለ አንብቡት፤ ብዙዎቹ የትንንሽ ክሶችን ፍርድ ቤት ክፍት ይተዋሉ።

ገንዘቡ ከዚያ ከበለጠ ጠበቃ አነጋግሩ። ማግነሰን-ሞስ ላይ ክስ ያሸነፈ ደንበኛ የጠበቃውን ክፍያ ከተከሳሹ እንዲያገኝ ሕጉ ይፈቅዳል። ከእናንተ ቀድመው ገንዘብ የማይቀበሉ ጠበቆች ያሉትም ለዚህ ነው። ዲለሩ ራሱ የጽሑፍ ዋራንቲ ከሰጣችሁ ደግሞ፣ በዚሁ ሕግ "መኪናዋ ለተገዛችበት ሥራ ብቁ ናት" የሚለውን ያልተጻፈውን ዋራንቲ ሙሉ በሙሉ ሊሰርዘው አይችልም።

10. ስምምነት ሲመጣ

ብዙው ነገር ከዳኛ በፊት በስምምነት ያልቃል። ስልክ ደውለው "ግማሹን እንክፈልና ይለቅ" ሲሉ ደስታው እንዳያስቸኩላችሁ። የሚሰጧችሁ የመልቀቂያ ወረቀት "ከዚህች መኪና ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ጥያቄ ትቻለሁ" ካለ፣ ነገ ሞተሩ ቢበላሽ መናገር አትችሉም። "ለዚህ የካምቢዮ ጥገና ብቻ" ተብሎ እንዲጠብ ጠይቁ። የገባው ዕቃ አዲስ ነው ወይስ የታደሰ፣ በራሱ ስንት ወር ዋራንቲ አለው፣ ይጻፍ።

መኪናዋን መልሰው ከወሰዱ ደግሞ ዋጋው ብቻ አይደለም የሚመለሰው፤ ታክሱ፣ የታርጋው፣ የዲለሩ የወረቀት ክፍያም ይነሳ። ባንኩ ብድሩ መዘጋቱን በደብዳቤ ያረጋግጥላችሁ። ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ የገዛችሁትን ሰርቪስ ኮንትራትና ጋፕ ኢንሹራንስ (መኪናዋ ከጥቅም ውጭ ብትሆን በብድሩና በዋጋዋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍነውን) በጽሑፍ ሰርዙ፤ ላልተጠቀማችሁበት ጊዜ የሚመለስ ገንዘብ አለ። ብድሩ ገና ካልተዘጋ ያ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ባንኩ ስለሚሄድ፣ መግባቱን ከባንኩ ሂሳብ ላይ እዩ።